የሽሮ ሜዳው ጋቢ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሸማኔዎች ነበሩ። ታላቁ በእጁ የታወቀ ነው፤ ድር ሲወጥር አንድ ክር አይላላበትም፣ ጥለቱ ከጀርባው እንኳ ንጹሕ ነው። ታናሹ ሙያውን ከእሱ የተማረ፣ እጁ ገና ያልተፍታታ ነበር። ታላቁ የገበያ ነገር ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል። «መሸጥ የደላላ ነው፤ ለእኔ ሥራዬ ይናገርልኛል» ይላል። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ የማሽን ጨርቅ በእጅ የተሸመነ ነው እያሉ የሚሸጡ ሰዎችን አይቷል፣ ቀለሙም በመጀመሪያው አጠባ ሲለቅ አይቷል።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። «ጥሩ ነገር አሳዩኝ» አለች። ታላቁ ከሁሉ የሚኮራበትን ነጠላ ዘረጋላት። የክሩን ቅጥነት፣ ማጉ እንዴት እንደተፈተለ፣ ጥለቱ ምን ያህል እንዳደከመው፣ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ ሳይሰለች አስረዳት። ሴትየዋ በአክብሮት አዳመጠች፣ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ከታናሹ ዘንድ ገባች። እሱ ምንም አልዘረጋም።

«ለማን ነው፣ እህቴ?»

«ለአባቴ። ደብረ ብርሃን ናቸው።»

«ብርዱ አላስቸገራቸውም?»

«ተወው! ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ለፋሲካ ሳልሄድላቸው ቀረሁ፤ አሁን ባዶ እጄን መግባት አልፈልግም።»

ምን ያህል እንደያዘች ጠየቃት፤ ነገረችው። ታናሹ እሱ ዘንድ ያሉትን ጋቢዎች አየት አየት አደረገ፤ ለደብረ ብርሃን ሳሱበት። ተነሥቶ መልሶ ወደ ታላቁ ወሰዳት። «ጋሼ፣ ያንን ጥግ ያስቀመጡትን ወፍራም ጋቢ ያውጡልን» አለ። ባለ አራት እጥፍ ነው፤ እዚያው ጥግ ከተጣጠፈ ቆይቷል። ሴትየዋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ በዋጋውም ብዙ አልተከራከረች።

ስትሄድ ታላቁ ቅር አለው። «እኔ ያልነገርኳትን ምን ነገርካት?»

«ምንም አልነገርኳትም፣ ጋሼ። እርስዎ ስለ ክሩ ነገሯት፤ እሷ የመጣችው ስለ አባቷ ነበር።»

ድረ ገጽ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ አንድ የሆቴል ባለቤት ፊት ተቀምጠው ስለ ፍሬምዎርክ፣ ስለ ሰርቨር፣ ስለ ኮዳቸው ጥራት ያስረዳሉ። ሰውየውን የሚያሳስበው ግን ዋሽንግተን ያለ እንግዳ እኩለ ሌሊት ላይ ክፍል መያዝ ይችላል ወይ፣ ገንዘቡስ እንዴት ይደርሰኛል የሚለው ነው። መልስ ካላገኘ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ይቀመጣል፤ ወይም በችሎታው የሚያንስ፣ ግን የጠየቀው ሌላ ሰው ሥራውን ይወስዳል። ይህ ብዙዎችን ያበሳጫል። እኔ ግን የደንበኛው ፍርድ ልክ ነው እላለሁ።

የዓለም አቀፉ ድር (ዌብ) ፈጣሪ ራሱም ከዚህ አላመለጠም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን ጽፎ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ሲያቀርብ፣ አለቃው ቢጓጓም ነገሩ በቅጡ አልተገለጠለትም። ኋላ ብዙዎቹን የማዕከሉን ሠራተኞች ከድሩ ጋር ያላመዳቸው የፈጠራው ታላቅነት አልነበረም፤ የማዕከሉ የስልክ ማውጫ እዚያ ላይ መገኘቱ ነበር። በየቀኑ የሚፈልጉት እሱን ነበርና።

የገበያ ዕውቀት የምለው ይህንን ነው፤ ጩኸትና ማባበልን አይደለም። ገጹን ማን ይከፍተዋል? በምን ዓይነት ስልክ? ለዳታ ምን ያህል ከፍሎ? ጉግል ላይ ምን ብሎ ይፈልጋል? እነዚህ ካልታወቁ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ግንባታው ጎዶሎ ነው። በትልቅ ድርጅት የተቀጠረ ሰው ውል መፈራረሙን ለሽያጭ ክፍል ሊተው ይችላል፤ ይህንን ግን ለማንም ሊተው አይችልም። ለብቻው የሚሠራውማ ዋጋውን ሳያፍር መናገር፣ ቀብድ መጠየቅ፣ ሲያስፈልግም «ይህ ለእርስዎ አይሆንም፤ እገሌ ይሻልዎታል» ማለት አለበት። ያቺ ሴት በሚቀጥለው ዓመት ለሰርግ ልብስ ስትመጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የማንን በር እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ፣ አዲስ ደንበኛ ሲደውልልህ ላፕቶፕህን ከመክፈትህ በፊት ሱቁ ድረስ ሂድ። ገዢዎቹ ምን እያሉ እንደሚገቡ፣ ምን ሳያገኙ እንደሚወጡ ቆመህ ስማ። ፕሮፎርማህን ከዚያ በኋላ ጻፍ።