የተዘጋውን መዝገብ ማን ይከፍታል?

እስረኛ በጠባቂው ተደበደብሁ ብሎ ሲከስ፣ ክሱን የሚያጣራው ያው የጠባቂው መሥሪያ ቤት ከሆነ እውነት ይገኛል ወይ? ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ በካሊፎርኒያ ግዛት ፔሊካን ቤይ ስለተባለው ማረሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰጠ ፍርድ ነው። እዚያ በ1992 አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ እስረኛ በካቴና እንደታሰረ እጅግ በጋለ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተይዞ ቆዳው ተገሽልጧል። የፌዴራሉ ዳኛ ቴልተን ሄንደርሰን ግን የኰነኑት ጭካኔውን ብቻ አልነበረም፤ ምርመራውንም ጭምር ነበር። የማረሚያ ቤቱ የውስጥ መርማሪዎች ይደክሙ የነበረው የተፈጸመውን ለማወቅ ሳይሆን ጠባቂው ከጥፋት የሚወጣበትን ቀዳዳ ለማግኘት እንደነበር አረጋገጡ።

ይህን ሳነብ መልሱ ቀላል መሰለኝ። ቀበሮን ምስክርሽ ማን ነው ቢሏት ጅራቴ አለች ይባላልና፣ ምርመራውን ከቤቱ አውጥቶ ለውጭ ሰው መስጠት ነው አልሁ።

ቆይቼ ግን የመርማሪዎቹን አለቃ ሥራ አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርሁ። ድብደባ እንደተሰማ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይደረጋል? ጠባቂዎቹ ተመካክረው ሪፖርት ሳይጽፉ ይለያያሉ። ቁስሉ ፎቶ ይነሣል፣ ልብሱ ይያዛል። በዚያ ፈረቃ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ይጣራል። ከየትኛው ክፍል ሆኖ ኮሪደሩ እንደሚታይ ይለካል፤ ያዩት እስረኞች ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሳይዛወሩም ቃላቸው ይወሰዳል። የካሜራው ቅጂ ሳይሰረዝ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ወህኒ ቤትን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። የቤቱን ሥርዓት የማያውቅ እንግዳ ከሳምንት በኋላ ቢመጣ የሚያገኘው የታጠበ ወለልና የተስማማ ቃል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ አልጸናም።

ታዲያ የውስጡ ሰው ማንን ይመን? አምስት ጠባቂዎች እስረኛው ራሱ ወድቆ ተጎዳ ብለው ይጽፋሉ፤ እስረኛው ብቻውን ተደበደብሁ ይላል። ልቤ ወዲያው ወደ እስረኛው አዘነበለ። ሆኖም እስረኛም ቂም ሊኖረው ይችላል፣ ሊዋሽም ይችላል፤ በሐሰት የተከሰሰ ጠባቂም እንጀራውና ስሙ አብረው ይጠፋሉ። ልብ ያዘነበለበትን እውነት ነው ማለት ፔሊካን ቤይ የፈጸመውን ስሕተት ገልብጦ መድገም ነው። የአምስት ሰው ቃል በአንድ ሰው ቃል ላይ ሲመጣም ቁጥሩ ብቻ አይመዝንም፤ አምስቱ ሪፖርቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር የተገጣጠሙ ከሆነ እንዲያውም ያጠራጥራሉ። እንግዲህ መርማሪው መነሣት ያለበት ወገን ከማይዙት ነው አልሁ፦ ከቁስሉ ቅርጽ፣ ከሐኪሙ መዝገብ፣ በሩ ከተከፈተበት ሰዓት። ምስክርነት ሁሉ በእነዚህ ይፈተናል።

ይህን ከጨረስሁ በኋላ የባሰ እንቅፋት ገጠመኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ጋሪቲ በተባለው የኒው ጀርዚ ፖሊሶች ጉዳይ፣ ቃልህን ካልሰጠህ ትባረራለህ ተብሎ የተገደደ የመንግሥት ሠራተኛ ቃሉ በወንጀል ክስ እንዳይቀርብበት ወስኗል። እንግዲህ የምርመራው መሪ ጠባቂውን ተናገር ብሎ ካስገደደው ለዲሲፕሊን የሚበቃ እውነት ያገኛል፤ ያ እውነት ግን ለዐቃቤ ሕጉ አይሆንም። ካላስገደደው ጠባቂው ዝም ይላል፣ ጊዜውም ይሄዳል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ከልዩ ሁኔታዎች በቀር ጥፋቱ በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርመራው ካላለቀ ሠራተኛውን መቅጣት አይቻልም። ለዚህ ነው የወንጀሉና የዲሲፕሊኑ መርማሪዎች ተለያይተው እንዲሠሩ የሚደረገው፤ ተገድዶ የተሰጠውም ቃል ወደ ወንጀሉ መዝገብ እንዳይሻገር ይጠበቃል። ከዚህ አንድ ነገር ተረዳሁ። ፍትሕን ለማጥፋት ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ቅን መርማሪም የሥራውን ቅደም ተከተል ቢያዛባ ወይም መዝገቡን ቢያሳድረው ያው ነው።

ታዲያ እውቀት፣ ሚዛናዊነትና ሥርዓት ያለው መሪ ከተገኘ ይበቃል ልበል? በዚያው በካሊፎርኒያ ያለው የኮርኮራን ማረሚያ ቤት ታሪክ ከለከለኝ። እዚያ ጠባቂዎች በእስረኞች ላይ የተኮሱባቸውን አጋጣሚዎች የውስጥ ገምጋሚዎች አግባብ ነበር እያሉ ዘግተው ነበር። በ1998 ገለልተኛ ባለሙያዎች 31 ከባድና ገዳይ ተኩሶችን እንደገና ሲመረምሩ አብዛኞቹ አግባብ አልነበሩም አሉ። በሳሊናስ ቫሊ ማረሚያ ቤትም የግዛቱ ዋና ኢንስፔክተር 188 የሠራተኛ ጥፋት ማጣሪያዎችን አይቶ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቂ እንዳልነበሩ በ2019 አሳወቀ። የሁለቱም መገለጥ ተመሳሳይ ነው፤ የተዘጋውን መዝገብ ሌላ ሰው ከፍቶ አነበበው።

ካሜራ ይህን አይተካም ወይ ብዬም ጠየቅሁ። በታኅሣሥ 2024 በኒው ዮርክ ግዛት ማርሲ ማረሚያ ቤት በካቴና የታሰረ እስረኛ ተደብድቦ ሞተ። ጠባቂዎቹ የደረት ካሜራቸውን አላበሩትም ነበር፤ ካሜራዎቹ ግን በተጠባባቂ ሁኔታ ሆነው ያለ ድምፅ ቀርጸውታል። ምስሉን ለሕዝብ ያወጣው የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው፤ ጠባቂዎችም በግድያ ተከሰሱ። ካሜራው አየ፤ ነገር ግን ያየው ነገር ትርጉም ያገኘው ከማረሚያ ቤቱ ትእዛዝ ውጭ ያለ አካል ስላየው ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄዬን በተሳሳተ ቦታ እንደተከልሁት ገባኝ። ቁም ነገሩ መርማሪው የት ይቀመጣል የሚለው አይደለም፤ የዘጋውን መዝገብ ማን ያነባል የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ በ2004 ለዋና ኢንስፔክተሩ ከባድ ምርመራዎችን ከጅምራቸው እንዲከታተል ሥልጣን የሰጠችው፣ በጠባቂዎች መካከል አንዱ የሌላውን ጥፋት እንዳይናገር የሚያስገድድ ያልተጻፈ የዝምታ ሕግ መኖሩ በፍርድ ቤት ፊት ከተገለጠ በኋላ ነው። በተለይ መከፈት ያለባቸው ጥፋት አልተገኘም ተብለው የተዘጉት ናቸው፤ የተቀጣ ጠባቂ ይግባኝ ይላል፣ ያልታመነ እስረኛን ግን የሚሰማው የለም። ይህ አንባቢ ለሐቀኛው መርማሪም ከለላ ነው። አለቃው ይህን ነገር ተወው ሲለው፣ መዝገቡን ሌላ ሰው ስለሚያነበው አልተወውም ብሎ መመለስ ይችላል። ስለዚህ የውስጥ ምርመራን አፍርሱት አልልም፤ የውጭ አንባቢ ያልተሰጠውን የውስጥ ምርመራ ግን ምርመራ ብዬ አልቀበልም።