ግልባጩን በሌላ ቤት ስለ ማኖር

ሰው ለሚያከብረው ነገር ሁሉ ማኖሪያ ያበጃል። ለእህሉ ጐተራ፣ ለልብሱ ሣጥን፣ ለብራና መጽሐፉ ማኅደር አለው። በዚህ በእኛ ዘመን ደግሞ ጽሕፈቱንና ሒሳቡን፣ ሥዕሉንና ድምፁን በኮምፒዩተር ያኖራል፤ አስተዋይ የሆነውም ሰው ፋይሉን ገልብጦ ለብቻው በሆነ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጣል። ይህ የእጅ ሥራ እንጂ የነፍስ ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን «እግዚአብሔር ካልጠበቀው የእኛ መጠበቅ ምን ይረባል?» የሚል መንፈሳዊ ሰው አይታጣምና፣ ጥያቄው ከእጅ ሥራ አልፎ ወደ ሃይማኖት ይገባል። ግልባጭን በሌላ ስፍራ ማኖር እምነት ማጉደል ነውን? ወይስ አለማኖሩ አደራ መብላት?

እንዲህ የሚለው ሰው ስለ ከተማ ጠባቂ የተነገረውን የመዝሙር ቃል መሠረት ሳያደርግ አይቀርም። ሆኖም መዝሙረኛው ጠባቂውን ከቅጥሩ ላይ ውረድ አላለውም፤ በትጋትህ አትመካ አለው እንጂ። ነቢዩ ኤርምያስን እንመልከት። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን በተከበበች ጊዜ፣ ራሱም በግዞት ቤት ሳለ፣ በዐናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ መሬት ገዛ። የውሉ ጽሕፈት ሁለት ነበረ፤ አንዱ የታተመ፣ ሁለተኛውም የተከፈተ። ብዙ ዘመን ይቈዩ ዘንድ ባሮክ ሁለቱንም ወስዶ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው አዘዘው። ከተማይቱ እንደምትወድቅ ከእርሱ ይልቅ ያወቀ አልነበረም፤ ሕዝቡ እንደሚመለስም እንደ እርሱ ያመነ አልነበረም። ሸክላውን እንዲፈልግ ያደረገው ይህ እምነቱ ነው። ተስፋ የቈረጠ ሰው የውል ጽሕፈት ምን ያደርግለታል? ንጉሡ ኢዮአቄም የነቢዩን መጽሐፍ በምድጃ ባቃጠለው ጊዜም ባሮክ እንደ ገና ጽፎታል፤ ይህ ግን የሆነው የሚናገረው የነቢዩ አፍ ገና ስለ ነበረ ነው። የእኛን መዝገብ እሳት ቢበላው በቃሉ የሚነግረን ማን ይገኛል?

ነገሩ በዐይን እንዲታይ በኮኪት ያለ አንድ የሰበካ ጉባኤ ጸሓፊ እናስብ። ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በምዕራብ ጎንደር ቈላ ያለች ናት። በዚህ ጸሓፊ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጠመቁት ሕፃናት ስም ከክርስትና አባታቸውና ከክርስትና እናታቸው ስም ጋር፣ በተክሊልና በቊርባን የተጋቡት፣ የምእመናኑ አስተዋፅኦ፣ የስእለቱ ገንዘብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ደብዳቤ ሁሉ ተሰብስቧል እንበል። ከዚህ ሁሉ አንዱም የእርሱ አይደለም። የክርስትና ዝምድናው የተረሳ እንደ ሆነ ሊጋቡ የማይገባቸው ይጋባሉ፤ የይዞታው ደብዳቤ የጠፋ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ በዳኛ ፊት ባዶ እጅዋን ትቆማለች። የራሱን ፋይል ያጠፋ ሰው ራሱን ጐዳ ይባላል፤ ይህ ጸሓፊ ግን ቢያጠፋ ያልተወለዱትን ጭምር ይጐዳል።

የሚያጠፋውም ብዙ ነው። የመተማ ቈላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሙቀትም የኮምፒዩተርን ዕድሜ ያሳጥራል። መብራት በድንገት ሄዶ በድንገት ሲመለስ በመጻፍ ላይ የነበረውን ያበላሻል። ምስጥ ወረቀቱን እንጂ ፋይሉን አይበላም ብለን ብንጽናና፣ ቫይረስ የሚባለው አለ። (ስሙን ከበሽታ የወሰደ ነው፤ እንደ በሽታም ከቤት ወደ ቤት ይጋባል፤ ብዙ ጊዜም የሚያጋባው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ነው።) ሌባም አለ። ስለ ጦርነት ግን ለኮኪት ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ በእጃቸው የያዙትን ብቻ ይዘው በመተማ በኩል የተሻገሩትን አይቷል።

ያ አገር ይህን ትምህርት አስቀድሞም በእሳት ተምሮታል። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከመተማ ወገን ወጥተው ጎንደርን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፋ እስከ ዛሬ በሥዕልዋ ትታወቃለች፤ ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። በአንድ ዕቃ ቤት ብቻ የነበረ መጽሐፍ ከዕቃ ቤቱ ጋር ይነዳል፤ ግልባጩ በጣና ደሴት ወይም በሌላ ደብር ያለው ግን ከዚያ እንደ ገና ይቀዳል።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በእጃችን አለ። መጽሐፈ ሄኖክ በተጻፈበት አገር ጠፋ፤ ሙሉ ሆኖ የቀረው በግዕዝ ብቻ ነው። በ1764 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ አቅራቢያ ያለውን፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል ይባል የነበረውን ቈላ አልፎ በስናር በኩል ወደ ግብፅ ሄደ። በኑቢያ በረሓ ግመሎቹ ስለ አለቁበት ዕቃውንና ማስታወሻዎቹን በአሸዋው ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ደረሰ፤ በኋላም በሌሎች ግመሎች ተመልሶ አገኛቸው። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ጭነት! ወደ አውሮፓ በተመለሰ ጊዜ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩት፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ ያገኙት በዚህ ነው። ከ1939 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች መጻሕፍት ሲገኙም፣ ከእነርሱ መካከል የሄኖክ የአራማይስጥ ቍርጥራጭ ነበረ። በቤቱ ቍርጥራጭ፣ በእንግድነት በሄደበት አገር ሙሉ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም የዚሁ አሳብ ልጅ ነው። ከየደብሩና ከየገዳሙ 9,000 ያህል መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው አንዱ ግልባጭ በአዲስ አበባ፣ አንዱም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ምስጢራችን ለምን ወደ ባዕድ አገር ይሄዳል ብሎ ያዘነ አባት ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የሄደው ጥላው ነው፤ ብራናው በየማኅደሩ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። ወጣቶቹ ኮፒና ከት ብለው የሚለዩአቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው። ኮፒ ያደረገ ሰው ፋይሉን ሁለት አድርጎታል። ከት አድርጎ ወደ ዲስኩ ያዛወረው ግን ቤት አስለወጠው እንጂ አላዳነውም፤ ቀድሞም አንድ ነበረ፣ አሁንም አንድ ነው። ዲስኩም ሟች ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለበት ሃርድ ዲስክ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ይበላሻል፤ ፍላሽም ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ከተረሳ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። የኮኪት ገበሬ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። የማሽላውን ዘር ከሚበላው እህል ለይቶ ያኖራል፤ በክፉ ቀንም ዘሩን ላለመንካት ይጨክናል። የሞያው ሰዎች ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዐይነት ዕቃ ይሁን፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይደር ይላሉ። ዲስኩም መገልበጡ ሲያልቅ ይነቀል፤ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይታመማል፤ በአንድ ሌባም አብሮ ይወሰዳል።

ይሁን እንጂ ማባዛት ሁሉ መልካም አይደለም፤ ለዚህ ወገን የምፈራው ከመጀመሪያው ይልቅ ነው። ሁለተኛው ግልባጭ ከጥፋት ሁለተኛ መዳኛ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ምስጢር የሚወጣበት ሁለተኛ በርም ነው። የንስሓ ልጆች ኃጢአት በምንም ፋይል ሊጻፍ አይገባውም፤ የዚያ ማኅደሩ የካህኑ ልብ ነው፣ ከካህኑም ጋር ይቀበራል። ተጣልተው የታረቁ ባልና ሚስት የተካሰሱበት ቃል፣ የድኻው የርዳታ ልመና፣ የታማሚው ጭንቀት፣ ለሥራ የግድ ቢያስፈልግ በይለፍ ቃል ተቈልፎ ይቀመጥ፤ ባያስፈልግ ይጥፋ። ማጥፋትም አንዳንድ ጊዜ አደራ መጠበቅ ነው። ደግሞ አንድ ሠርግ አንድ ሺህ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሺውንም በሦስት ዲስክ የሚያኖር ሰው፣ ጐተራውን አፍርሶ የሚበልጠውን ሊሠራ ያሰበውን ያን ባለጸጋ ይመስለኛል። የዚያ ሰው በደል ጐተራ መሥራቱ አልነበረም፤ ዮሴፍም በግብፅ ጐተራ ሠርቷል። ዮሴፍ ለሕዝብ አኖረ፤ ባለጸጋው ለራሱ።

ጸሓፊያችን ይህን ሁሉ ለይቶ መዝገቡን በሁለት ዲስክ ገለበጠ እንበል። ነገ ቢሞት የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል? በብዙ አድባራት የዕቃ ቤቱ ቍልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሆንም፤ አንዱ ብቻውን እንዳይከፍት፣ አንዱ ሲሞትም ቤቱ ተዘግቶ እንዳይቀር ነው። የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ፣ በአስተዳዳሪውና በገበዙ ፊት ታሽጎ በዕቃ ቤቱ ይግባ። አንዱ ዲስክ እዚያው በኮኪት፣ ከፀሐይና ከአቧራ በተጠበቀ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሁለተኛው የታመነ ሰው ይዞት ወደ ደጋው ወጥቶ፣ በጎንደር ባለ ደብር በአደራ ደረሰኝ ይኑር። ደረሰኙም ቀን ይኑረው፤ ሒሳብ በሚመረመርበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ዲስኮች ተከፍተው ከሕፃናቱ ስም ጥቂቱ በጉባኤው ፊት ይነበብ።