መምሰልና ማስመሰል



ባለፈው ክረምት አንድ የቁምስናችን ወጣት አራት ኪሎ ላይ አግኝቶኝ፣ ሻይ እየጠጣን አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። ይህ ወጣት በየሠርጉ እየተጠራ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ያዜማል፤ ራሱን የሚያስተዳድረውም እናቱን የሚጦረውም በዚሁ ነው። ድምፁ ከጥላሁን ድምፅ እጅግ የቀረበ በመሆኑ የሰሙት ሁሉ «ጥላሁን ተነሣ!» ይሉታል። «አባ፣» አለኝ፣ «ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙኝ ያለቅሳሉ፤ የሚያለቅሱት ግን ለእርሱ ነው። ከመድረክ ስወርድ ስሜን የሚጠይቀኝ የለም። ታዲያ እኔ የሰው ድምፅ ሰርቄ የምበላ ሌባ ነኝን?»

በዚያ ሰዓት ያጽናናሁት በሁለት ቃል ብቻ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ጥያቄው የዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ሆኖ አገኘሁት። ከሌላው ያልወሰደ ማን አለ? ሕፃን አፉን የሚፈታው የእናቱን ቃል እየደገመ ነው። ፈላስፋው አርስቶትልም ሰው ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ሌላውን በመምሰል እንደሚልቅ፣ የመጀመሪያ ትምህርቱንም በዚሁ መንገድ እንደሚያገኝ አስተምሯል። ቋንቋችን ግን ከአንድ ሥር ሁለት ቃላት አብቅሏል፤ መምሰልና ማስመሰል። ልጅ መልካሙን አባቱን ቢመስል እናመሰግነዋለን፤ ያልሆነውን ሆኖ የሚታየውን ግን አስመሳይ ብለን እንነቅፈዋለን። እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው?

ከራሱ ከጥላሁን እንጀምር። ጥላሁን በወሊሶ የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ከሌሎች የሀገር ፍቅር ከያንያን ጋር ትርኢት ለማሳየት ወደዚያ መጡ። ልጁም ኢዮኤልን ቀርቦ የሙዚቃ ፍቅሩን ገለጸለት። ኢዮኤል በዚህ ሙያ መሰማራት ከፈለገ ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንደሚኖርበት ነገረው። አያቱ አልፈቀዱምና በእግሩ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ተይዞ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ግን በጭነት መኪና ተደብቆ መጣ። (የአያቱን ፈቃድ መጣሱን ለወጣቶቻችን አርአያ አድርጌ አላቀርበውም።) በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ተቀበለው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተሻገረ። ልብ እንበል፤ ኢዮኤል ለልጁ የሰጠው ድምፁን ሳይሆን መንገድን ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ዓለማየሁ በወጣትነቱ በአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ በኤልቪስ ፕሪስሊ ፍቅር የተያዘ ነበር። እንደ አሜሪካውያን ለበሰ፣ ጠጉሩን አሳደገ፣ የኤልቪስንም ዘፈኖች በእንግሊዝኛ አዜመ፤ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ቅጽል ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፈበት ዕለት ተከትሎታል። በልጅነቱም ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ወጥቶ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ተመልሷል። ኤልቪስ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ሞተ፤ ሁለቱም ሳይገናኙ ቀሩ። ይሁን እንጂ ዓለማየሁ ራሱ እንደ መሰከረው፣ ዝናው የገነነው በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ ወዲህ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተጠብቆ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ የዓለማየሁ የአማርኛ ዘፈን ነበር። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር መድረክ ላይ ቆሞ የራሱን ዜማ ለአሜሪካውያን አሰማ።

እስቲ እናስብ፤ ያ ልጅ ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍሮ ኤልቪስ ፊት ቢቆም ኖሮ ምን ይጠይቀው ነበር? «እመስልሃለሁን?» ብሎ መሆን አለበት። «አዎን» ቢባል የሌላ ሰው ጥላ ሆኖ ለመቅረት ይፈተን ነበር፤ «አይደለም» ቢባል ልቡ ይሰበር ነበር። ሰው አርአያውን ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው ማረጋገጫ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለሰው መንገድ ያሳያል እንጂ ማንነትን ሊሰጥ አይችልም።

ይህን ለመረዳት እኔም ዋጋ ከፍያለሁ። በዘርዓ ክህነት ሳለሁ አንድ አረጋዊ መምህራችንን እጅግ እወድ ነበር። የመጀመሪያ ስብከቴን በፊታቸው ሳሰማ የአነጋገራቸውን ዜማ፣ የእጃቸውን አነሣሥ፣ በየመካከሉ የሚያደርጉትን ዝምታ ሳይቀር ደገምሁ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስቀርብ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሳሌንም እኮ ሰበክኸው!» አሉኝ። በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸውም ቀጠሉና፣ «የማነበውን አንብብ፤ የምጸልየውን ጸልይ፤ ሳሉን ግን ለእኔ ተወው» አሉኝ። እኔ የወሰድሁት ከላይ የሚታየውን ነበር፤ እርሳቸው ግን ከጠጡበት ምንጭ እንድጠጣ ይሹ ነበር። ድንበሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መምሰል ምንጩን መሻት ሲሆን ማስመሰል ቅርፊቱን መልበስ ነው።

ወጣቱን እንደገና ስናገኘው እንዲህ አልሁት፦ «ሌባ የዕቃውን ባለቤት ይሰውራል፤ አንተ ግን ዘፈኑ የጥላሁን መሆኑን አስቀድመህ ትናገራለህ። የናፈቁትን ድምፅ ለሚናፍቁ ሰዎች ማሰማትም አገልግሎት ነው። ሆኖም ሁለት ዕዳ አለብህ። አንደኛው የፍትሕ ነው፤ የግጥምና የዜማ ደራስያንን መብት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለና ለባለ መብቱ የሚገባውን አትንፈግ። ሁለተኛው ለራስህ የተሰጠህ መክሊት ነው። የራስህ ዜማ የለህምን?» ጥቂት ዝም አለና፣ ለእናቱ የሠራት አንዲት ዜማ እንዳለችው፣ ነገር ግን ለማንም አሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። «እንግዲያስ መጀመሪያ ለእርሷ አሰማት» አልሁት።

ከዚያ ተሰናብቶኝ ወደ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አመራ፤ በ2001 ዓ.ም. ያረፈው ጥላሁን የተቀበረው በዚያ ነውና። ይህ ወጣት አርአያውን የሚያገኘው በመቃብሩ ብቻ ነው። ከመቃብር ማረጋገጫ አይገኝም፤ በዚያ ቆሞ ምስጋና ማቅረብ ግን ይቻላል። ምናልባትም ከአርአያችን ጋር የሚደረግ እውነተኛ ግንኙነት ይኸው ነው፤ «እመስልሃለሁን?» ማለት ቀርቶ «አመሰግንሃለሁ» ማለት ሲጀመር።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ! ሕፃናት አነጋገራችሁንና አካሄዳችሁን ይቀዳሉ፤ ይህም ክብርም ሸክምም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን እርሱን እንዲመስሉ ሲጠይቃቸው፣ እርሱ ራሱ ማንን እንደሚመስል አብሮ መናገሩን አንዘንጋ። እኛም ልጆቹ ወደ እኛ ሲመጡ ከእኛ ዘንድ አናስቀራቸው፤ ወደ ምንጩ እንምራቸው፤ ስማቸውንም መጠየቅ አንርሳ።