ኅቡእ ነገር በአደባባይ ዘመን

በቀድሞው ዘመን ለመስከረም 21 ቀን በዓል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ምእመን በእጁ በትሩን፣ በትከሻው ስንቁን፣ በልቡም ስእለቱን ይዞ የአምባሰልን ዳገት ይያያዘው ነበር። ዛሬም ይህ ሁሉ አልቀረም፤ ነገር ግን በእጁ ላይ ስልክ ተጨምሮለታል። ስልኩም መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ የቀረጸውንም በኢንተርኔት አማካይነት ባሕር ማዶ ላለ ሰው ወዲያውኑ ያደርሳል። መሣሪያው በራሱ ርኩስ ነው ብለን የምንከራከር አይደለንም፤ ብረት ማረሻም ይሆናል፣ ጦርም ይሆናል። ልንመረምር የተነሣነው መሣሪያው ይዞት የመጣውን ልማድ ነው፤ ይኸውም የተሰወረው ሁሉ ይገለጥ፣ ያዩት ሁሉ ይነገር፣ የተነገረውም ሁሉ ለሕዝብ ይበተን የሚለው ልማድ ነው። ይህ ልማድ በአገር አስተዳደር ነገር ገብቷል፤ በቤተ ሰብ ገመና ገብቷል፤ ጨዋታውንና መዝናኛውን ሁሉ ይዞታል፤ አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ቅጽር አልፎ እስከ ጠበሉ ቦታ ደርሷል።

ግሸን ስለ ምሥጢርና ስለ ወሬ ለመናገር የተገባች ሥፍራ ናት። ዙሪያዋ ገደል፣ መግቢያዋ ጠባብ የሆነች ይህች በመስቀል ቅርጽ የተፈጠረች አምባ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት መሆንዋን ሁሉ ያውቃል። ደግሞም እስከ ግራኝ አሕመድ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች በመንግሥት ነገር እንዳይሻሙ ይጠበቁባት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ በአምባው ከሚኖሩት መሳፍንት ለፖርቱጋሎች የተላከ ደብዳቤ የያዘ አንድ መነኵሴ ተይዞ ከአምባው ጠባቂዎች ጋራ በንጉሡ ሰፈር ተገርፏል። መነኵሴው ሲጠየቅም ደብዳቤውን ከተቀበለ አሥራ ስድስት ዓመት እንደ ሆነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማድረስ እንዳልደፈረ ተናግሯል። ቅጣቱን አናመሰግንም፤ ጭካኔ ነበረበት። ነገር ግን አንድ ቃል ከአፍ ወጥቶ ወደ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ያን ያህል ዘመን ይፈራ የነበረበትን አገር፣ ዛሬ ሕፃን ልጅ በአውራ ጣቱ ነክቶ ሺህ ሰው ዘንድ ከሚያደርስበት አገር ጋራ ስናነጻጽረው፣ በአገራችን ምን ያህል ነገር እንደ ተለወጠ እናስተውላለን።

ከዚሁ ጋራ ሌላ ታሪክ አለ። ግማደ መስቀሉን በግሸን ያሳረፈው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) በሃይማኖት ቅንዐቱ የታወቀ ንጉሥ ነው። ሆኖም ዜና መዋዕሉ፣ በዘመኑ ሐሰተኞች ከሳሾች ተነሥተው ጣዖት አምልከዋል እያሉ ብዙ ንጹሓንን እንዳስጠፉ ሳይሸሽግ ይተርካል። ቅንዐት ያለው ሰው የሐሰት ከሳሽ ሲቀርበው ከሰነፉ ሰው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ ክፋትን ስለሚጠላ፣ ክፋት ተሠራ ሲሉት ለመመርመር አይታገሥምና። ይህ ለዛሬው ምእመን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ዘመን ከሳሹ በዙፋኑ ፊት መቆም፣ ፊቱን ማሳየት ነበረበት። የዛሬው ከሳሽ ግን ስሙን ሰውሮ፣ የሌላ ሰው ሥዕል ለጥፎ፣ ከየት አገር እንደሚጽፍ ሳይታወቅ ይከሳል፤ የሚፈርደውም ሕዝብ እርስ በርሱ አይተዋወቅም።

የዚህ ነገር ፍሬው ምን እንደ ሆነ በራሳችን ክልል አይተናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ አንድ ፕሮፌሰር ሥዕላቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ላይ ተለጥፎ፣ በትውልዳቸው ምክንያት ጠላት ተብለው ተወነጀሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ አስቀድሞ ለድርጅቱ አቤት ማለቱን ገልጾ፣ በ2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የመጨረሻውን ፍርድ ለዳኞች እንተወዋለን። እኛን የሚያሳስበን ጽሑፉን አንብበው ለጎረቤታቸው ያስተላለፉት ሰዎች ነገር ነው። እነርሱ ጥይት አልተኰሱም። ምናልባትም በዚያው ሳምንት ጾመዋል፣ አስቀድሰዋልም። ጣታቸው ያደረገውን ግን ለንስሐ አባታቸው የተናገሩ ስንቶች ይሆኑ? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ጥቂት እሳት ስንት ዱር እንደሚያነድ ያስተማረው ስለ ምላስ ነው፤ ጣት የምላስ ወኪል በሆነበት ዘመን ትምህርቱ ለጣትም ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በዘጠነኛው ምዕራፍ ስለ ኖኅ ልጆች የምትነግረንን እናስተውል። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ተኝቶ ሳለ ካም አየው። ማየቱ ምናልባት ያለ ፈቃዱ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የሚያየውን አስቀድሞ አያውቅምና። በደሉ የጸናው ወጥቶ በውጭ ላሉት ባወራ ጊዜ ነው። ያወራውም ሐሰት አልነበረም። ይህን ልብ እንበለው። የዛሬው ሰው የወንድሙን ገመና ሲበትን «እውነት ነው እኮ፤ ተቀርጿል እኮ» እያለ ራሱን ነጻ ያወጣል። ካምም የተናገረው እውነት ነበር፤ ነገር ግን እውነቱ ልጁን ከርግማን አላዳነውም። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው፣ የኋሊት እየተራመዱ፣ ፊታቸውንም መልሰው አባታቸውን አለበሱ። በረከቱ ያረፈው ባላዩት ላይ ነው።

በግሸን የምናከብራት እመቤታችንም ነገር እንዲሁ ያስተምረናል። ጻድቁ ዮሴፍ የመፅነሷን ምሥጢር ገና ባልተረዳበት ጊዜ ሊገልጣት አልወደደም፤ በስውር ሊተዋት አሰበ እንጂ። ወንጌላዊው ማቴዎስ ጻድቅ ብሎ የጠራው በዚህ ስፍራ መሆኑ ያስደንቃል። ዮሴፍ እንደ ዘመናችን ሰው ቢሆንና ያሰበውን ሁሉ በዚያው ሌሊት በአደባባይ ቢያወጣው ኖሮ፣ መልአኩ በማግሥቱ የሚነግረውን እውነት ማን ይሰማው ነበር?

ስለ አገር ፖለቲካ ብዙ ማለት አንሻም፤ ተናጋሪው በዝቷልና። ነገር ግን ይህን ሳንል አናልፍም። ፌስቡክና ዩቲዩብ፣ ቲክቶክም ገበያቸው የሰው ዓይን ነው፤ ሰው ባየ ቍጥር ማስታወቂያ ይሸጣሉ። ስለዚህ ዓይንን የሚያቈየውን ነገር ያስቀድማሉ፤ ከሚያስማማ ቃል ይልቅ የሚያስቈጣ ቃል ዓይንን እንደሚያቈይ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠብ ባለበት ሁሉ ሰው ይሰበሰባልና። በሌላው ወገን መንግሥት ሁከት በተነሣ ቍጥር መስመሩን መዝጋት ለምዷል፤ በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ለሳምንታት፣ በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለረዥም ዘመን፣ በአማራም ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ ነበር። እሳቱን ለማጥፋት ውኃውንም ዘጉት ማለት ነው፤ የታመመውን መጠየቅ፣ የሞተውን መስማት፣ ለተቸገረ ዘመድ ገንዘብ መላክ ሁሉ አብሮ ተቋረጠ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ራስዋ ይህን መከራ ቀምሳለች። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት በሾሙ ጊዜ፣ በነነዌ ጾም ምእመናን ጥቁር ለብሰው ወደ እግዚአብሔር እንዲያለቅሱ የተላለፈው ጥሪ በነዚሁ መገናኛዎች ፈጥኖ ለሁሉ ደረሰ። በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገደቡ፤ እገዳውም በዚያው ወር ዕርቅ ከወረደ በኋላ እንኳ እስከ ሐምሌ ቈየ። እንግዲህ ያው መሣሪያ ለጾም ጥሪም አገልግሏል። ግን በዚያው ሰሞን ስለ አባቶቻችን የተወራው ስንቱ እውነት ነበረ? ዕርቅ ሲወርድ ጳጳሳቱ ይቅር ተባባሉ፤ በስድብ የተጻፈው ጽሑፍ ግን ዛሬም ለሚፈልገው ሁሉ በገጹ ላይ ተቀምጧል። የሰው ይቅርታ አሮጌውን መጽሐፍ ይቀዳል፤ ኢንተርኔት ግን አይቀድም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የመርዶ ነገር ነው። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱበት ሥርዐት ነበራቸው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተመካክሮ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ፣ ልቡ እንዳይሰበር ሰው ከብቦት ይነገረው ነበር። ይህ ሥርዐት የተማረ ሰው ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ርኅራኄ ያወጣው ነው። አሁን በአዲስ አበባ ወይም በአረብ አገር ያለች ልጅ የእናትዋን ሞት በሥራ ላይ ሳለች፣ ብቻዋን ቆማ፣ «ነፍስ ይማር» ከሚል ከማታውቀው ሰው ጽሑፍ ታነባለች። ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማዘኑን ለመግለጥ ቸኵሎ ነው። ካህናት ሆይ፤ ፍትሐት ከመድረሱ በፊት ለቤተ ሰቡ «ቅርብ ዘመድ ሁሉ ሳይረዳ ማንም እንዳይለጥፍ» ብላችሁ ብታዝዙ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

መዝናኛውስ? ሣቅና ጨዋታ በራሱ አይነቀፍም። በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት ላይ ተመልካች ስጦታ ሲልክ ስጦታው ወደ ገንዘብ ይለወጣል፤ ስለዚህ ወጣቶች ተፋጥጠው የሚሰዳደቡበት፣ የቤታቸውን ነገር የሚያወጡበት፣ የተቸገረውን ሰው ልቅሶ የሚያሳዩበት ሌሊት በዝቷል። ይህ ሁሉ አሳዛኝ ቢሆንም ገና ከደጅ ነው። ከውስጥ ያለው ይብሳል። በየጠበሉ ቦታ የሚጮኸውን፣ የሚወድቀውን፣ ልብሱን የሚጥለውን ሕመምተኛ በቪዲዮ ቀርጸው በዩቲዩብ የሚያወጡ፣ ከማስታወቂያውም ገቢ የሚያገኙ ሰዎች ተነሥተዋል። ያች ሴት በሕመምዋ ሰዓት «ፈቅጃለሁ» ለማለት አእምሮዋ ከእርስዋ ጋራ ነበረን? ድና ወደ መንደርዋ ስትመለስ ማን ያገባታል? ማንስ ሥራ ይሰጣታል? ጌታችን ለምጻሙን በፈወሰው ጊዜ ለማንም እንዳይናገር ያዘዘው ተአምሩ ሐሰት ስለ ነበረ ነውን? የንስሐ አባት የሰማውን ኃጢአት ወደ መቃብር ይዞት ይወርዳል፤ ከዚያው ቅጽር ውስጥ ግን የሰው ደዌ ለገበያ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ቤት አይኖሩም።

አንዳንዶች «ክፉ ሥራ በመሸፈን ይኖራል፤ መጋለጡ ይሻላል» ይሉናል። አሳባቸው ከንቱ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የሰረቀ፣ ድኻ የበደለ፣ ሥልጣኑን ለግፍ ያደረገ ሰው ሥራው የሕዝብ ነገር ነውና በማስረጃ ይገለጥ፤ ነቢዩ ናታንም ዳዊትን ገሥጾታል። ነገር ግን ናታን ወደ ዳዊት ገብቶ ለራሱ ነገረው። ጌታችንም በማቴዎስ 18ኛ ምዕራፍ የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከምስክር ጋራ፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን ንገር ብሎ ያዘዘውን ሥርዐት ዛሬ ከታች ወደ ላይ ገልብጠነዋል፤ ለዓለም ሁሉ ነግረን ስናበቃ ለወንድማችን ለራሱ ሳንነግረው እንቀራለን።

የአገሩ ሕግ እንኳ ነገሩን ተገንዝቦታል። ሕገ መንግሥቱ በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው 1321 ቍጥር አዋጅም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ተደንግጓል። በውጭው ዓለምም ፌስቡክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ለምርጫ ቅስቀሳ ወደሚሠራ ድርጅት ያለ አግባብ እንደ ተላለፈ ራሱ አምኗል። ይሁንና ፖሊስና ዳኛ በጠበል ቦታ ቆመው አይውሉም፤ በዚያ የሚቆመው ካህኑ ነው።

ስለዚህ የየደብሩ አስተዳዳሪዎችና ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። በጠበል ቦታ ሕመምተኛን መቅረጽ ፈጽሞ ይከልከል፤ በቅዳሴ ጊዜ ስልክ ይዘጋ፤ የንስሐ አባቶችም ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንደሚጠይቁ ሁሉ «ያላረጋገጥኸውን ወሬ አስተላልፈሃልን? የሰው ገመና አሳይተሃልን?» ብለው ይጠይቁ። ለሩቅ ዘመድ ድምፅ ማሰማት፣ ላልቻለ በሽተኛ ቅዳሴውን ማድረስ እንደ ሆነ ማንም አይከለክልም፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምእመናን በየቤታቸው ሆነው የሰሙነ ሕማማቱን ጸሎት የተከታተሉት በዚሁ መንገድ ነበርና። በግሸንም ለሚመጣው መስከረም ወደ ጠባቡ መግቢያ ለሚደርሰው ምእመን ይህ ነገር ከዳገቱ ሥር ሳለ፣ ገና ስልኩን ሳያወጣ ይነገረው።