አንድ ሰው በሦስት መዝገብ

ሰውን በዘር፣ በብሔርና በጾታ ለይቶ ማጥናት ፍትሕን ይረዳል ወይስ ይጎዳል? አሜሪካኖች በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ ቆይተዋል። የሳን ፍራንሲስኮ ተማሪዎች የጥቁሮች፣ የእስያውያንና የነባር ሕዝቦች ታሪክ ይሰጠን ብለው ትምህርት ያቆሙት በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ አነሳ። የእነሱ ጥያቄ የትምህርት ክፍል ሲሆን የእኛው ሕገ መንግሥት ሆነ። ዳንግላ ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ታዲያ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ለክርክሩ እንዲመቸን አንድ የዳንግላ ተወላጅ አዊ እናስብ። እንጅባራ ላይ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷልና። በዚህኛው መዝገብ ባለቤት ነው። ይኸው ሰው ቻግኒን አልፎ መተከል ሲገባ ሌላ መዝገብ ይጠብቀዋል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚዘረዝረው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው፤ አዊ የሚመደብበት አገው እዚያ ውስጥ የለም። ሰባት ቤት አገው ሲቆጠር ግን ከአንከሻ፣ ከባንጃና ከዚገም ጋር መተከልም አንዱ ቤት ነው። ሰውየው ቀንቶት ዋሽንግተን ቢገባ ደግሞ ሦስተኛ መዝገብ ይከፈትለታል። የ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር ዝርዝር የሚጻፍበት ቦታ ነበረው፤ በምሳሌነት ከተጠቀሱት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። አዊነቱን የሚጠይቀው የለም።

ሰውየው አልተለወጠም፤ አባቱም ቋንቋውም ያው ናቸው። የተለወጠው በእያንዳንዱ ቦታ ያለው የሥልጣን አሠራር ነው። እንጅባራ ላይ ምክር ቤት፣ መተከል ላይ የባለቤትነት መብት፣ ዋሽንግተን ላይ የቆዳ ቀለም ዋጋ አላቸው። ስለዚህ መዝገቡ ስለ ተመዝጋቢው ከሚነግረን ይልቅ ስለ መዝጋቢው የሚነግረን ይበልጣል።

የአሜሪካ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። በ1790 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ ሕዝቡን የለየው ነጻ ነጭ ወንዶች፣ ነጻ ነጭ ሴቶች፣ ሌሎች ነጻ ሰዎችና ባሪያዎች ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የሰውን ዘር የሚጽፈው ቆጣሪው ራሱ ነበር፤ ፊቱን አይቶ። ሰው ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደለት በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት መደቦቹን እንደገና አዋቅሮ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ ተወላጆች የራሳቸውን መደብ ጨመረ። በደም ይወረሳል የሚባል ነገር በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲሻሻል እያየን የተፈጥሮ ነው ልንል አንችልም።

የእኛም መዝገብ ከዚህ አያመልጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ብሔርን ሲተረጉም የጋራ ባህልን፣ የሚግባቡበትን ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና የተያያዘ መልክዓ ምድርን በአንድነት ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዊ ዞን ነዋሪ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው አዊ ነኝ ሲል፣ አፍ መፍቻዬ አዊኛ ነው ያለው ግን ከግማሽ በታች ነበር። በገበያ ቀን ዳንግላ ላይ የቆመ ሰው ይህ አይደንቀውም። ድንቿን ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ከጎረቤቷ ጋር በአዊኛ ታወጋለች፤ ነጋዴ ሲመጣ ዋጋውን በአማርኛ ትጠራለች፤ አጠገቧ ያለው ልጇ እናቱን በአዊኛ ሰምቶ በአማርኛ ይመልስላታል። አባቱ አማራ ከሆነ ደግሞ በአባት በሚቆጠር ሐረግ የእናቱ ወገን ከነጭራሹ ይጠፋል። ሰባቱ ቤቶችም በአፈ ታሪኩ የሰባት ወንድማማቾች ቤቶች ናቸው፤ እህት አልተቆጠረችም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፦ እንዲህ ከሆነ ለምን ጭራሹን መጠየቅ አናቆምም? የቀበሌ መታወቂያ ላይ የኖረው የብሔር መስመር ስንቱን ለአደጋ እንዳጋለጠ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በ2011 ዓ.ም. በጃዊና በዳንጉር ሰው በማንነቱ ተለይቶ ሲገደል አይተናል። የፋይዳ መታወቂያ ጾታን ሲጠይቅ ብሔርን አለመጠየቁ ከዚህ አንጻር መልካም ነው።

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ኬላ ላይ ወጥቶ የሚታይ ካርድና ለጥናት የሚሰበሰብ ስም የለሽ ቁጥር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውየውን ያጋልጣል፤ ሁለተኛው በደሉን። በአዊኛ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ሲሸጋገሩ ስንቶቹ እንደሚቀሩ፣ ከእነሱም ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ካልተቆጠረ፣ ችግሩ ስለሌለ ሳይሆን ስላልታየ ዝም ይባላል።

ቆጠራ እንዴት በደልን እንደሚደብቅም የሚያስተምር የአሜሪካ ፍርድ አለ። ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን አድልዎ ፈጽሞብናል ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1976 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ሴቶችን ቀጥሯል አለ፤ የተቀጠሩት ሴቶች ግን ነጮች ነበሩ። በዘር በኩል ያለውን አቤቱታ ደግሞ ሌሎች ጥቁሮች ከመሠረቱት ክስ ጋር አጣምሩት አላቸው። ሁለቱን ጉዳይ በአንድነት ይዘው መቆም ተከለከሉ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 እ.ኤ.አ. ይህን ፍርድ መርምራ በደል በሁለት መደቦች መገናኛ ላይ ሲደርስ ለየብቻ የሚቆጥር ዓይን እንደማያየው አሳየች። አዊኛ ብቻ የምትናገር የገጠር ሴትም እንዲሁ ናት። የብሔረሰቡ ምክር ቤት አዊነቷን ይወክላል፤ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሴትነቷን ይመዘግባል፤ ፍርድ ቤት ቀርባ በቋንቋዋ ስለ ውርሷ መከራከር መቻል አለመቻሏ ግን የማንም ሰንጠረዥ ላይሆን ይችላል።

መልካም ምሳሌም ከደጃችን አለ። በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይይዛል። ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ልትከልበት ወይም መሬቱን ላከራየው ለሚል ባል የሚስቱ ፊት በደብተሩ ላይ ነው። ደብተሩ ሴት ምን ዓይነት ፍጡር ናት ብሎ አይመራመርም፤ መሬቱ ላይ መብት ያለው ማን እንደሆነ ብቻ ይጽፋል።

ከዚህ አንድ መመዘኛ እናገኛለን። ሰውን የሚለይ ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው መልሱ የትኛውን በደል እንደሚያሳይና ማን እንዲያርመው እንደሚያስገድድ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ለማን ምን እንደሚገባ በደም ለመወሰን የሚጠየቅ ጥያቄ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ ያው የ1790ው መዝገብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተራዘመው አራተኛው የሕዝብ ቆጠራችን የሚካሄድበት ቀን ሲመጣ በዚህ ሊመዘን ይገባል፦ የእናትንም የአባትንም ወገን መጻፍ ለሚሻ ይፍቀድ፤ ቋንቋን ከብሔር ለይቶ፣ ሁለቱን ከጾታ ጋር አገናኝቶ ያውጣ፤ ውጤቱም ለትምህርት ቤትና ለፍርድ ቤት በጀት እንጂ ለባለቤትነት ክርክር ማስረጃ አይሁን።