ቆጥ ላይ የቆየው ቅርስ

የክሮኖግራፍን፣ ማለትም የሰከንድ ቆጣሪ ያለውን ሰዓት፣ የጀርባ ክዳን ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው ዓይኑን ቶሎ አያነሣም። ከጎን ያለችው ቁልፍ ስትጫን አንዲት ቀጭን ብረት ትንሿን ተሽከርካሪ አንድ እርምጃ ታዞራታለች፤ ተለያይተው የነበሩት ጥርሶች ይገናኛሉ፤ ቆማ የነበረችው ረጅሟ የሰከንድ ቆጣሪም ጉዞ ትጀምራለች። ቁልፏን ዳግም ሲጫኗት ትቆማለች። ሌላኛዋ ቁልፍ ስትጫን ደግሞ አንድ ትንሽ መዶሻ የልብ ቅርጽ ባላት ብረት ላይ ይወድቃል። ቆጣሪዋ የትም ትቁም የት፣ መዶሻው በልቧ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ወደ ዜሮ ይመልሳታል። ይህችን ብልሃት አዶልፍ ኒኮል የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1844 በስሙ አስመዘገባት። ዛሬም እጅግ ውድ በሆኑት ሰዓቶች ውስጥ የምትሠራው እሷው ናት።

ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ያለ ባትሪ፣ በሞላ ኃይል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ውድ መሆኑ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ዋጋው ሲጠራ ሌላው ሁሉ መረሳቱ ነው። በኦክቶበር 2017 የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሰዓቱን የሰጠችው ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ ነበረች፤ በጀርባው ላይም መኪና ሲነዳ እንዲጠነቀቅ የሚለምን ቃል አስቀርጻበታለች። ሰብሳቢዎች ቅርስ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት እንዲህ ያለውን ነው፤ የታወቀ ስም፣ የታወቀ ክንድ፣ የማይደገም ታሪክ። የፍቅር ስጦታ ነውና ክብር ይገባዋል። ግን አንድ ሰዓት በካዝና ውስጥ በደህና ተቀምጦ፣ ያንን ሰዓት ዳግም መሥራት የሚችል እጅ ቢጠፋ፣ ቅርሱ ተጠበቀ ሊባል ይችላል?

ይህን ስጠይቅ ሐሳቤ ወደ 1960ዎቹ ይሄዳል። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ጊዜው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ተብሎ ተመዘገበ። ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ከቁጥር አልወደቀችም። ለእኔ ይህ ለሯጩ ላብ የተሰጠ ክብር ነው፤ የሰው ድካም ተጠጋግቶ እንዳይታለፍ መጠንቀቅ ነው። የዚያን ኦሊምፒክ ሰዓት የያዘው የጃፓኑ ሴይኮ ነበር፤ በዚያው ዓመትም የአገሩን የመጀመሪያ ክሮኖግራፍ የእጅ ሰዓት አወጣ።

በዚያ ዘመን በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ፣ ሌ ሎክል በተባለች ከተማ፣ የዜኒት ሰዓት ሠሪዎች ያችኑ የሰከንድ አንድ አሥረኛ በክንድ ላይ ሊያሳርፏት ይደክሙ ነበር። በ1962 የጀመሩት ሥራ በጃንዋሪ 1969 ኤል ፕሪሜሮ ተብሎ ለዓለም ታየ። በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ በሰዓት 36,000 ጊዜ፣ በሰከንድም 10 ጊዜ የሚመታ ክሮኖግራፍ ነበር። ደስታው ግን ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን ሴይኮ በባትሪና ኳርትዝ በተባለ ማዕድን የሚሠራውን አስትሮን የተባለ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ኳርትዝ ከምርጡ የሚሞላ ሰዓት ይልቅ ትክክለኛ ነበር፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት እየወረደ ሄደ። በ1970 ገደማ ወደ 90,000 ሠራተኞች የነበሩት የስዊስ ሰዓት ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ 30,000 ያህል ብቻ ቀሩት።

በ1975 የዜኒት ባለቤት የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሞላ ሰዓት መሥራት እንዲቆምና መሣሪያዎቹም እንዲሸጡ አዘዘ። ሻርል ቬርሞ በዜኒት ፋብሪካ የወርክሾፕ ኃላፊ ነበር። ትንሽ ክፍል እንኳ እንድትተርፍ ለአለቆቹ ጻፈ፤ አልሰሙትም። ከዚያ በኋላ ብረት የሚቆርጡትንና የሚቀርጹትን መሣሪያዎች፣ ንድፎቹንም ጭምር፣ ጥቂት በጥቂት እየተሸከመ ወደ ፋብሪካው ቆጥ አወጣቸው። በየመሣሪያው ላይ ምልክት አደረገ፤ የቱ የት እንደተቀመጠና ለምን እንደሚያገለግል በመዝገብ ጻፈ። ከዚያ ቆጡን ዘግቶ ዝም አለ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳሰላስል የሚያቆመኝ የመረጠው ነገር ነው። ያለቀላቸውን ሰዓቶች አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ሥር እናያቸው ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ግን አይሆንም ነበር። እሱ ያስቀረው ሰዓት የሚወልደውን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃም ተረድቶ ነበር። አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ካለፈ በኋላ ብረቱ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራልና በእጁ ያለውን እውቀት ወደ ወረቀት አወረደው። አንባቢው ማን እንደሚሆን አያውቅም ነበር፤ አንባቢ እንደሚመጣ እንኳ የነገረው የለም። ኳርትዝ አሸንፎ፣ ገበያው ፊቱን አዙሮ፣ ይህ ሥራ ዳግም ይፈለጋል ብሎ ተስፋ የሰጠው ሳይኖር ለሚመጣው ሰው አደራውን አዘጋጀ።

የሚመጣው ሰው መጣ። በ1984 ዜኒት ኤል ፕሪሜሮን እንደገና መሥራት ሲጀምር መሣሪያዎቹ ከቆጡ ወረዱ፤ መዝገቡም ተከፈተ። በ1988 ሮሌክስ ለአዲሱ ዴይቶና መሠረት አድርጎ የወሰደው ይህንኑ ሥራ ነበር፤ እስከ 2000 ድረስም ተጠቀመበት። በጨረታ ስሙ የገነነው የዴይቶና ሞዴል፣ ለ12 ዓመታት ያህል የተንቀሳቀሰው አንድ የወርክሾፕ ሰው ከሽያጭ ባዳነው ጥበብ ላይ ቆሞ ነው። በ2020 ዩኔስኮ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይን የሰዓት ሥራ ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ያከበረውም በካዝና ያለውን ዕቃ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን ችሎታ ነው።

ስለዚህ ውድ ሰዓት በክንዱ ያሰረ ሰው መኩራቱ አይከፋኝም። ኩራቱ ግን ዕዳ እንዳለበት ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ሰዓቱ ከእሱ በፊት ብዙዎች ሳይታዩ የተሸከሙት ሥራ ነው። የገዛ ሰው የሰዓቱ ባለቤት ይሆናል፤ የቅርሱ ወራሽ የሚሆነው ግን ሥራውን የሚማርና የሚያስተምር ነው። አንድን ጥበብ እንወዳለን የምንል ሁሉ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ዋጋውን አይደለም፤ ዛሬ ይህን መሥራት የሚችለው ማን እንደሆነ፣ አጠገቡ ቆሞ የሚማር መኖሩን ነው።