የፍርሃት ትምህርትና የሰው ኅሊና

ፍርሃት ከሰው ጋር የሚወለድ ነው ወይስ ሰው የሚማረው? አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ ለጥያቄው አስቀድመው መልስ ሰጥተዋል። ፍርሃት ትምህርት ነው፤ ያውም በአንድ ቀን ገብቶ በብዙ ዘመን የማይወጣ ትምህርት።

ሳይንስ የዚህን ትምህርት መንገድ በእንስሳት ላይ መርምሯል። አይጥ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያውም እግሩን ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ድምፁ ብቻውን ሲሰማ አይጡ ደርቆ ይቆማል። በአንጎሉ ውስጥ፣ ቅርጿ ለውዝ በሚመስል አሚግዳላ በተባለች ክፍል፣ የድምፁና የሕመሙ መልእክት በአንድ የነርቭ ሕዋስ ላይ ተገናኝተዋል። ሁለቱ በአንድነት ሲደርሱ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለ በር ይከፈትና ካልሲየም ይገባል። በዚህም ምክንያት መልእክት ተቀባዮች ይበዛሉ፤ ጂኖች ይቀሰቀሳሉ፤ አዳዲስ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። እንግዲህ ፍርሃት እንደ ነፋስ የሚያልፍ ስሜት ብቻ ሳይሆን በሥጋ ላይ የተጻፈ ጽሕፈት ነው።

ጨቋኞች ግን ይህን ከሳይንስ ቀድመው ያውቁታል። የፋሽስት ኢጣሊያ ሹማምንት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ሲያስገድሉ፣ ዓላማቸው አንድ ጳጳስ መግደል ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚያየውን ሕዝብ ማስተማር ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማይቱ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ፣ ቤት ከነነዋሪው ሲቃጠል፣ በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሳይቀር እሳት ሲለኮስበት፣ ትምህርቱ ያው ነበር፤ የአርበኛ ስም በተነሣ ቁጥር ሞት እንዲታሰብ ማድረግ።

ሰው ግን ትምህርቱን እንደ ተሰጠው ብቻ አይቀበልም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሽስት እንዳይገዙ ገዘቱ። ታዲያ እኒህ አባት ፍርሃት አልነበራቸውምን? ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ በዚያች ሰዓት ላይ መቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈሪም ጀግናም የሚለዩት በዚያች ሰዓት ነውና። ጀግንነት የፍርሃት አለመኖር ሳይሆን ፍርሃት ፈራጅ ሆኖ እንዳይቀመጥ መከልከል ነው።

የአንጎልም ጠባይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ድምፁ ያለ ሕመም ሲደጋገም የአይጡ ፍርሃት ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም ቀናት ሲያልፉ ይመለሳል። አዲሱ ትምህርት አሮጌውን ይገታዋል እንጂ አይፍቀውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደርና ጆሴፍ ለዱ ከባልደረባቸው ጋር አንድ አስደናቂ ነገር አሳዩ። ትዝታ በተቀሰቀሰ ጊዜ ይላላል፤ ዳግም ለመጽናት አዲስ ፕሮቲን ይሻል። በዚያች ሰዓት የፕሮቲኑ ሥራ በመድኃኒት ቢታገድ አይጡ ድምፁን ከቶ እንዳልተማረው ይሆናል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። ይህ ጥበብ ወደ ሰው ቢሻገር ፍርሃትን መፋቅ ተገቢ ነውን? ሌሊት ሌሊት እየባነነ ለሚነሣ ሰው ሥቃዩን ማቅለል ርኅራኄ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን የተፈጸመ ግፍ ምስክሩ ይኸው ትዝታ ነው። ግፈኛው እጁን ካነሣ በኋላ የተገፋው ሰው ትዝታ ቢፋቅ ግፉ ሁለት ጊዜ ተፈጸመ ማለት ነው። ስለዚህ ሥቃዩን ከምስክሩ ለይቶ ማየት ያሻል፤ ውሳኔውም ትዝታውን የተሸከመው ሰው እንጂ የሌላ የማንም ሊሆን አይገባም።

በአራዳ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር ሐዲድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል። የሕዝብም ትዝታ እንዲሁ ይነሣል፤ እንዲሁም ይተከላል። በተነሣበት ሰዓት በአጠገቡ ያለው ሐሰት ከሆነ ከሐሰት ጋር፣ እውነትና አይዞህ ባይ ወገን ከሆነ ከእነርሱ ጋር ይጸናል። ያለፈውን ሰቆቃ በመድረክና በግጥም የሚቀሰቅስ ከያኒም ኃላፊነቱ ይህ ነው፤ የፈራውን ወገን ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን እንዳይተወው።